ለሐዋ ክፍል ስንል የቆረጥነው ኒም

ዛሬ ረፋድ ላይ የግቢያችን የኒም ዛፍ ወደቀ። ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።

መጋላ ሰፈር ውስጥ፣ በአንድ የቀበሌ ግቢ፣ ስምንት ቤተሰብ በስምንት ጠባብ ክፍሎች እንኖራለን። ከጦርነቱ ሸሽታ የመጣችው ሐዋ ከሁለት ልጆቿ ጋር ዛፉ ሥር ማደር ከጀመረች ሁለት ወር ሆኗታል። ዝናቡ ሳይገባ ክፍል ያስፈልጋታል፤ ለመሥሪያ የቀረን ቦታ ደግሞ ዛፉ የቆመበት ብቻ ነበር።

«የዛፍ ጥላ ዝናብ አይመልስም» ብዬ ሁሉንም አሳመንኩ። ነጋዴ ነኝ፣ ማሳመን አያቅተኝም።

ቀትር ላይ እንደ ልማዳችን ሱቅ ዘግተን ምሳችንንና ምንጣፋችንን ይዘን ወደ ዛፉ ወጣን። ዛፉ መቆረጡን እያወቅን እግራችን አመጣን። ፀሐይ ላይ ቆመን ተያየን።

«አቦ፣ እንግዲህ ፀሐይዋንም አስቆርጥልን!» አለኝ የባቡር ሠራተኛው ጋሽ ተሰማ።

ማንም አልሳቀም። ሁሉም ወደየክፍሉ ገብቶ በሩን ዘጋ።

ሐዋ ጉቶው አጠገብ ቀረች። «ክፍል ልታገኚ ነው፣ ደስ አይልሽም?» አልኳት።

«አላህ ይስጥልኝ ጋሼ። ግን እዚህ ሳለሁ ሁላችሁም ምሳችሁን ከእኔ ጋር ትበሉ ነበር። አሁን ማን ሊመጣልኝ ነው?»



ወዳጆቼ፣ እናንተ ግቢ ሰው ሲበዛ ምን ቆረጣችሁ? ከዚያ ወዲያስ የት ትገናኛላችሁ? እስቲ ጻፉልኝ።