አውራ ጣቴ ያላወቀው

ወጌሻ ነኝ፤ ከሞርሲቶ እስከ ሙዱላ እየዞርኩ ወለም ያለ እጅ ሳሽ ኖሬያለሁ። ሆሳዕና ከተማ ኮብልስቶን በሚነጠፍበት ዓመት አንዲት ሐኪም ለጥናት የጤነኞችን የእጅ አንጓ በአልትራሳውንድ ስትለካ፣ እኔም እንደ ልማዴ አንጓዬን ቅቤ ቀብቼ ሄድኩ።

«እማማ፣ ቅባቱ ከእኛ ነው!» ብላ ሳቀች። ጠርጋ ቀዝቃዛ ነገር ቀባችኝ።

«ጣትዎን ያንቀሳቅሱ።»

ሳንቀሳቅስ ጅማቶቼ ስክሪኑ ላይ ተርመሰመሱ። ፈጣሪዬ፣ ይህን ሁሉ ተሸክሜ ነው የምዞረው? በላያቸው እንደ ማር እንጀራ ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው ነገር ተጋድሟል።

«ይሄስ?»

«ነርቭ ነው። ሲጫኑት ጣት የሚነዝረው እሱ ነው።»

ደነገጥኩ። ያንን ጅማት መስሎኝ በአውራ ጣቴ ስደፈጥጠው፣ ሰው ሲጮህም «ቻለው!» ስል ኖሬያለሁ።

ዛሬ ሳሽ ነርቩ ጋ ስደርስ እጄን አቀልላለሁ፤ በዳሩ አልፋለሁ።