ማን ያርሰኛል?

በርበሬ በረንዳ ዛላ በርበሬ መቀንጠስ ከጀመርኩ አሥራ አንድ ዓመቴ ነው። ሥራው እንኳ አይከብድም፤ ማዳበሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ጭራውን መቀንጠስ፣ የሻገተውን መለየት ነው። የሚከብደው ብናኙ ነው። አፍና አፍንጫችንን በሻሽ ሸብ አድርገን እንኳ ስናስነጥስ እንውላለን። ስለዚህ ሕፃን ይዞ የሚመጣ ሰው አልነበረም። የወለደች ሴት ልጁን የሚይዝላት ካላገኘች ሥራውን ትተዋለች።

ከሦስት ዓመት በፊት አጠገቤ የምትቀመጥ፣ ከወሎ የመጣች ልጅ ነበረች። ሃያ ዓመት ቢሆናት ነው። ጭድ ተራ ከአራት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ጨዋታ ታውቃለች። ጋሼ፣ የበርበሬው ባለቤት፣ ሥራችንን ሊያዩ ከኋላችን ሲቆሙ፣

«ጋሼ፣ ራቅ ይበሉ! ካስነጠስኩ በርበሬዎ አብነት ሰፈር ነው የሚያርፈው» ትላቸዋለች። ሳይወዱ ይስቃሉ።

አንድ ቀን ጠዋት ከማዳበሪያዎቹ ጀርባ ስታስመልስ አየኋት። ሦስት ልጆች ወልጃለሁና ማርገዟን ማንም ሳይነግረኝ አወቅኩ። ምሳ ሰዓት ላይ ጠጋ ብዬ ጠየቅኳት።

«ስንት ወርሽ ነው?»

«ሁለት አልፎታል።»

«አባቱስ?»

እንደ ስልኳ ሴትዮ ድምፅዋን አቅጥና፣ «የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አልቻልንም» አለችኝ። ከዚያ ሳቋን ተወችና፣ «ላስወርደው ነው፣ እትዬ» አለች።

ደነገጥኩ። «እንዳታደርጊው! በእኔም በአንቺም ሃይማኖት ኃጢአት ነው። ነፍስ ነው እኮ!»

ስጨርስ፣ «እሺ፣ ማን ያርሰኛል?» አለች።

እኔን ሦስቴም ያረሰችኝ እናቴ ናት። ገንፎዬን አገንፍታ፣ ገላዬን አጥባ፣ እኔ እንድተኛ ሕፃኑን ታቅፋ የከረመችው እሷ ናት። የዚህች ልጅ እናት ሞታለች፤ አባቷ ቢሰማ ዓይኗን አያይም።

«ፈጣሪ ያውቃል» አልኳት።

«ፈጣሪማ ያውቃል። እኔ የጠየቅኩት ገንፎ የሚያገነፋውን ነው።»

ሳቀች፤ እኔም ሳቅኩ። ያ ሳቅ እስከ ዛሬ ያቃጥለኛል። ምክንያቱም ሳቋን ጨርሳ ዓይኗን ከእኔ ላይ አላነሳችም። የምትጠይቀው እኔን ነበር። አልገባኝም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ገብቶኛል። ያለኝ አንድ ክፍል ቤትና ቆጥ ነው። ትልቋ ልጄ አሥራ አራት ዓመቷ ነበር፤ ያላገባች እርጉዝ ቤቴ ባስገባ ምን ትማራለች አልኩ። ጎረቤት ምን ይላል አልኩ። አንዴ ከገባች በኋላ መቼ ትወጣለች አልኩ። ይህን ሁሉ ያሰብኩት አንድ ዛላ እስክቀነጥስ ነው።

«አይዞሽ፣ በርቺ» አልኳትና አቀረቀርኩ።

በሳምንቱ ሁለት ቀን ቀረች። በሦስተኛው መጥታ ተቀመጠች፤ ፊቷ ነጥቷል። ክሊኒክ ሄዳ እንደነበር ሳትነግረኝ አወቅኩ። እኔም ማዳበሪያዬን ከእሷ ትንሽ ፈቀቅ አደረግኩ። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

ወሬው ጋሼ ጆሮ ደረሰ። ልጅቷ በሌለችበት፣ «እዚህ አገር ሕግ የለም እንዴ? እንዲህ የሚያደርጉትን ማሰር ነበር!» አሉ። ከሁላችንም በዕድሜ የምትበልጠው ቀንጣሽ ቀና ሳትል መለሰችላቸው።

«በጄ፣ ጋሼ። እሷን አስረን ሌላዋን አስፈራርተን አስወለድናት እንበል። ሕፃኑን አዝላ ስትመጣ እርስዎ የት ያስቀምጡላታል? በርበሬው ላይ?»

ጋሼ ጉሮሯቸውን ጠርገው ሄዱ። የተናገረችው ለእሳቸው ነው፤ የጋለው ግን የእኔ ፊት ነው።

ነፍስ ነው ያልኩትን ዛሬም አምናለሁ። ግን «አታድርጊው» ማለት ምንም አላስከፈለኝም። «ወልደሽ እኔ ጋ ተኚ» ብላት ኖሮ ያ ልጅ ዛሬ በእግሩ ይሄድ ነበር ብዬ አስባለሁ። ያኔ አስገድዶ ሊያስወልዳት የሚችል አልጠፋም ይሆናል፤ የጠፋው የሚቀበላት ነው።

ባለፈው ዓመት ሴቶቹ ተሰባስበን ጋሼን ለመንናቸው። እያጉረመረሙ ብናኝ የማይደርስበት የላይኛውን ክፍል ሰጡን። ያቺ ትልቋ ሴትዮ ሕፃናቱን ትይዛለች፤ የወለደችውን ደግሞ ተራ ገብተን እናርሳለን። አሁን ሁለት ሕፃናት አሉ። የአንዱ እናት ላስወርደው ወስኜ ነበር ብላኛለች። ስታመሰግነኝ መግቢያ ይጠፋኛል።

ያን ጊዜ ብዙ ሳትቆይ ሥራውን ትታ የሄደችውን ያቺን ልጅ ፈልጌ ያገኘኋት ከዚያ በኋላ ነው። አብነት አንድ ልብስ ሰፊ ጋ ቁልፍ ትተክላለች። ስታየኝ ተነስታ ሳመችኝ፣ ወንበሯን ለቀቀችልኝ። ስለ ልጆቼ ጠየቀችኝ። ተጨንቄ ተጨንቄ በመጨረሻ አወጣሁት።

«ያን ቀን የጠየቅሽኝ ገብቶኝ ነበር።»

መርፌዋን ከጨርቁ ሳታወጣ፣ «አውቃለሁ፣ እትዬ» አለች። «ሲያቀረቅሩ አይቼዎታለሁ። ሁለተኛ ያልጠየቅኩዎት እንዳላሳፍርዎት ብዬ ነው።»