በረዶ የጠጣች ፖም

መተማ ዮሐንስ ላይ ከማዶ የገባ የፖም ካርቶን ሲከፈት ሽታው እስከ ደጃፌ ይደርሳል። ነጋዴዎቹ ፖሙን በሱዳኖቹ አፍ «ቱፋህ! ቱፋህ!» እያሉ ይጣራሉ። ሌላውን ሰው ያስጎመጀዋል፤ እኔን ያናድደኛል።

እናቴ ደገኛ ነበረች። አባቴ እዚሁ መተማ ቆላ፣ ኮኪት፣ መሬት አግኝቶ ሊያወርዳት ሲል «ቆላ አልወርድም» ብላ ነበር አሉ። እሱም ከአያቴ ጓሮ ካለችው አሮጌ ፖም ሥር ቡቃያ ነቅሎ «የምትወጃትንም አብሬ አወርድልሻለሁ» ብሎ ማለላት። ያቺ ፖም ፍሬዋ ትንሽ ናት፤ ቢጫ ሆና አንድ ጉንጯ ብቻ የሚቀላ። ጭድ ውስጥ ከቀበሯት እስከ ገና ቤቱን ታውደዋለች። እኔ ፍሬዋን አንድም ቀን አላየሁም፤ ይህን ሁሉ ከእናቴ አፍ ነው የሰማሁት።

ቡቃያዋ ቆላ ላይ ጸደቀች፤ ቅጠልም አወጣች። አበባ ግን ከየት ይምጣ! አንድ የግብርና ባለሙያ በደጃችን ሲያልፍ «ፖም ብርድ ይፈልጋል» ብሎት ሄደ። አባቴ ደግሞ አንዴ የሰማውን የሚተው ሰው አይደለም። ከዚያ ወዲያ መተማ በሄደ ቁጥር በረዶ ገዝቶ፣ በሰሊጥ ገለባ ጠቅልሎ፣ በማዳበሪያ ከረጢት አስሮ በጭነት መኪና ያመጣና ሥሯ ላይ ይቀብርላት ጀመር። ጎረቤቱ «ጋቢም አልብሳት እንጂ!» እያለ ሳቀብን።

ጥቅምት ላይ፣ ሰሊጥ አጨዳው መሀል፣ እናቴን ወባ ጣላት። ሰውነቷ እሳት ሆነ። አባቴ መድኃኒት ሊገዛ መተማ ሄዶ በቀትር ተመለሰ፤ በእጁ ክኒን፣ በትከሻው የሚንጠባጠብ ከረጢት።

«እስቲ ከሱ ቁራሽ ስጠኝ፣ ግንባሬ ላይ» አለችው።

«ትንሽ ታገሺ፣ የተረፈውን አመጣልሻለሁ። ላንችው ዛፍ እኮ ነው፤ ዘንድሮ ታብባለች።»

«እኔ መች ፖም አልኩህ? አገሬ መልሰኝ ነው ያልኩህ።»

ሰምቷታል። በሩ ላይ ቆሜ ስለነበር አውቃለሁ። ሰምቷት ወጣና ቆፈረ። የተረፈችውን ቁራሽ ይዞ ሲገባ መዳፉ ላይ ውኃ ሆና ነበር።

እናቴ ከዚያ አልጋ አልተነሳችም። በረዶው አያድናትም ነበር ይሉኛል። አውቃለሁ፤ ግን ይህን ሲሉኝ ደሜ ይፈላል። እሷ አድነኝ አላለችውማ! ግንባሬን አቀዝቅዝልኝ ነው ያለችው።

በቀደም አንዲት ፖም ገዝቼ ኮኪት ሄድኩ። አባቴ አርጅቷል። ዛፏ ሥር ተቀምጦ፣ የውኃ ጣሳውን አጠገቡ አስቀምጦ አገኘሁት። ፖሟን ልጬ ሰጠሁት። አሸተታትና መለሰልኝ።

«ይች የሷ አይደለችም። ሽታ የላትም።»

«የሷማ መች አፈራች!» ብዬ ጮህኩበት። «ይችን ዛፍ ዛሬ አስቆርጣታለሁ!»

አልተቆጣም። ግንዱን በእጁ ዳበስ ዳበስ አደረገ።

«ካስቆረጥሻትማ፣ እዚያ ሳገኛት እናትሽን ምን እላታለሁ?»

ጣሳውን አንስቶ ሊነሳ ሲሞክር አቃተው። ከእጁ ነጠቅኩትና፣ ንዴቴ ሳይበርድ፣ ውኃውን ሥሯ ላይ እኔው አፈሰስኩት።