አንጎል ሲዝግ

ሚዛን ከተማ ባዮሎጂ አስተምራለሁ፤ ከባድ ነገር አቅልላ ታስረዳለች ተብዬም እመሰገናለሁ። አባቴ ጋ ስደርስ ግን ይሄ ሁሉ ሙያዬ ገደል ይገባል።

አባቴ ቴፒ አጠገብ የቡና ማሳ አለው። ፀረ አረም ሲረጭ የመርጫው ጫፍ በቆሻሻ ይደፈናል። ይሄኔ ይፈታውና አፉ ውስጥ ከትቶ እፍ ይላል። እንቢ ካለው ደግሞ ይመጥጠዋል! ልጅ ሆኜም እንዲሁ ሲያደርግ አየው ነበር። አትንካው ስለው "መድኃኒት ነው፣ ምን ያደርገኛል?" ይላል። በቅርቡ ሲኒ ሲይዝ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሯል። ከመርዙ ይሁን አይሁን አላውቅም፤ ግን በጣም ፈርቻለሁ።

ባለፈው ቅዳሜ ሄጄ አስቀምጬ አስተማርኩት።

"አባዬ፣ አንዳንድ መርዝ የነርቭ ሕዋስ ውስጥ ገብቶ ኃይል የሚመረትበትን ክፍል ያውካል። ከዚያ ኦክስጅኑ ከቁጥጥር ይወጣና ያገኘውን ሁሉ ይጎዳል። ኦክሲዴቲቭ ስትረስ ይባላል።"

"ስትረስ? ስትረስ ያለብሽስ አንቺ ነሽ። ከመጣሽ ጀምሮ እየጮህሽ ነው።"

ተናደድኩ። "በቃ፣ አንጎልህ ይዝጋል! ልክ እንደ ብረት!"

ትንሽ አጋንኜዋለሁ፤ ግን ገባው። በቴፒ ዝናብ ስንት ቆርቆሮ የቀየረ ሰው ስለ ዝገት አስተማሪ አያስፈልገውም። አሰበ፣ ራሱን ነቀነቀ። አሸነፍኩ ብዬ ደስ አለኝ።

በማግስቱ ጠዋት እናቴ "ቅቤዬን ማን ነካው?" እያለች ስትጮህ ወጣሁ። አባቴ ራሱ ላይ ግማሽ ኪሎ የሚሆን ለጋ ቅቤ ለድፎ፣ ባርኔጣውን ከላይ ደፍቶ፣ መርጫውን አዝሎ ወደ ማሳው ሊሄድ ነው። ቅቤው በጆሮው ሥር ይወርዳል።

"አባዬ፣ ምን ሆነሃል?"

"ቅባት የተቀባ ብረት ይዝጋል እንዴ?" አለኝ፣ ባለመማሬ እያዘነልኝ።

"ይሄ ቅቤ እንኳን ላንተ አንጎል፣ ለቤቱ ቆርቆሮ በሙሉ ይተርፍ ነበር!" አለች እናቴ።

እየሳቅሁ ተከተልኩት። ብዙም ሳይረጭ ጫፉ ተደፈነ። ፈታውና ወደ አፉ አስጠጋው። ነጠቅሁት።

"ስጠኝ፣ እኔ እከፍተዋለሁ!" አልኩና እኔ፣ የባዮሎጂ አስተማሪዋ፣ አፌ ውስጥ ከትቼ እፍ አልኩ። ልቀጣው አስቤ አይደለም። ከልጅነቴ ጀምሮ ያየሁትን እጄ በራሱ አደረገው።

አባቴ እንዲያ ሲጮህ ሰምቼው አላውቅም። እጄን መትቶ አስጣለኝ፤ የመጠጥ ውሃውን ጄሪካን አፌ ላይ ደቀነው። "ትፊ! ተጉመጥመጪና ትፊ!" ቅቤው ዓይኑ ውስጥ እየገባ፣ እሱም እየጠረገ፣ አራት ጊዜ አስጉመጠመጠኝ።

"አንዴ ብቻ እኮ ነው የነካሁት" አልኩት።

"አንዴም ቢሆን! መርዝ እኮ ነው!"

አየሁት። እሱም አየኝ። ከዚያ ፊቱን አዞረና ጄሪካኑን አንስቶ ተጉመጠመጠ፤ ተፋ፤ ደግሞ ተጉመጠመጠ።