የቦቴ ነጂው ክስ

የደቡብ ሱዳን ጦርነት ጁባ ውስጥ ከተነሳ በኋላ በመጣው ክረምት፣ እዚያው ጁባ ካቶር ሰፈር አንድ ሆቴል ውስጥ አስተናጋጅ ነበርኩ። የምኖረው ኒምራ ታላታ በሚባል ሰፈር፣ በቆርቆሮ በተከፋፈለ ግቢ ውስጥ ነው። ከጎኔ ያለውን ክፍል የተከራየው የወሎ ሰው ከወንዙ ውሃ እየቀዳ በየሰፈሩ የሚያከፋፍል የቦቴ ነጂ ነበር። ወንድም ስለሌለኝ እሱን እንደ ወንድም ያዝኩት። በተኩሱ ሰሞን ከደጄ ያልጠፋ እሱ ብቻ ነበር።

አንድ ቀን ከምሳ በኋላ፣ ማንጋቴን ወደሚባለው የተፈናቃዮች ሰፈር በሚወስደው ጭቃ መንገድ ላይ አንዲት ሴት ገጨ። ሴትዮዋ በጦርነቱ ተፈናቅላ እዚያው የተጠለለች፣ ከሰል ተሸክማ ወደ ልጆቿ የምትመለስ እናት ነበረች። ሐኪም ቤት ሳትደርስ ሞተች። ፖሊሶቹ ቢራ ቢራ ሸተተን ብለው ወሰዱት።

ምግብ ይዤ ጣቢያ ሄድኩ።

«ጠጥተህ ነበር?» አልኩት።

«ምሳ ላይ አንድ ቢራ። ግን ፍሬኑ ነው፤ ረገጥኩት፣ ረገጥኩት፣ አልይዝ አለኝ።»

የፍሬኑን ነገር አውቃለሁ። በዚያው ሳምንት ለቦቴው ባለቤት ስልክ ደውሎ «ኧረ ይሄ ፍሬን ሰው ይፈጃል፣ ይሠራልኝ» ሲል በቆርቆሮው በኩል ሰምቼዋለሁ።

ባለቤቱም ያገራችን ሰው ነው፤ እኔ እዚያው ቆሜ እያለሁ መጣ። የጎረቤቴን ትከሻ ያዝ አድርጎ፣ «ጠጥቼ ነበር በልና ፈርም። እኔ ሰው አለኝ፣ አስወጣሃለሁ። ፍሬን ምናምን ካልክ ግን መኪናው ይታሰራል፣ አንተንም የሚያስታውስህ የለም» አለው። ጎረቤቴ አንገቱን ደፋ። ሊፈርም እንደሆነ ገባኝ።

ሮጬ የሄድኩት ሆቴላችን ምሳ ወደምትበላ አንዲት ጠበቃ ነው። ደቡብ ሱዳናዊት ናት፤ ያደገችው ግን ኢትዮጵያ ስደተኞች ሰፈር ውስጥ ስለሆነ አማርኛዋ ከእኔ አይተናነስም። ሳትቀመጥ አብራኝ መጣች።

«ወንድሜ፣ ስማኝ» አለችው። «ቃል ስጥ ቢሉህ ዝም የማለት መብት አለህ። ቃል የምትሰጥ ከሆነ ደግሞ አስተርጓሚ ጠይቅ። በማታውቀው ቋንቋ የተጻፈ ነገር ላይ እንዳትፈርም። ሸተተን ማለት ብቻ ሰክሮ ነበር አያሰኝም፣ ሐኪም ይየኝ በል። መኪናው ሳይነካ ይመርመርልኝ በል። ዳኛ ፊት አቅርቡኝ በል።»

«ሴትዮዋ እኮ ሞታለች» አለ። «እሷ ሞታ እኔ መብቴን ስቆጥር ልቀመጥ?»

«የጠጣኸውን ካድ አላልኩህም። ያላደረግከውን ጨምረህ አትፈርም ነው የምልህ። ግን አልደብቅህም። ፍሬን ካልክ፣ እንደማይሠራ እያወቅህ ለምን ነዳህ ይሉሃል። ሁለቱም መንገድ ይጎዳል። የምትመርጠው አንተ ነህ።»

አልፈርምም አለ። ሐኪም ግን አላሳዩትም። ዳኛ ፊትም ቶሎ አልቀረበም፤ ጠበቃዋ ስትመላለስ፣ ዛሬ ዳኛው የለም፣ ነገ መርማሪው ወደ ግንባር ሄዷል ይሏት ነበር። እሱ እዚያ እስር ቤት ወባ ይዞት ከሰውነት ተራ ወጣ። በመጨረሻ መኪናው ይመርመር የሚል ትእዛዝ ስታገኝ ቦቴው ከጣቢያው ግቢ ወጥቶ፣ ጋራዥ ገብቶ፣ ፍሬኑ ተቀይሮ ተገኘ። ጠበቃዋ አዲሱን ፍሬን አጎንብሳ አየችው። መኪናውን ማን እንዳስወጣው የነገረን የለም።

የቀረው ማስረጃ እኔ የሰማሁት ብቻ ነበር። መስክሬያለሁ። ፍርድ ቤት ቆሜ፣ ባለቤቱ ፊት ለፊት እያየኝ፣ በቆርቆሮው በኩል የሰማሁትን ተናገርኩ። እሱ «ስለ ፍሬን የነገረኝ ሰው የለም» ብሎ ማለ። የሟች እናት ከፊት ተቀምጣ ነበር። የሚባለውን በቋንቋዋ የሚነግራት ሰው ስላልነበረ የተናጋሪውን ሁሉ አፍ አፍ ታያለች።

ዳኛው ስካሩ አልተረጋገጠም አለ። ደስ ሊለን ሲል ወደ ጎረቤቴ ዞረ።

«ፍሬኑ እንደማይይዝ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ታዲያ ለምን ነዳህ?»

ጠበቃዋ ተረጎመችለት። «እኔ ባልነዳው ባለቤቱ ሌላ ሰው ቀጥሮ ያስነዳዋል» አለ።

በቸልተኝነት ሰው ገድለሃል ተብሎ ተፈረደበትና ወህኒ ወረደ። ባለቤቱን የጠየቀው የለም፤ ቦቴው በሌላ ነጂ ሥራውን ቀጠለ። የሆቴሉ ጌታና የቦቴው ባለቤት ወዳጆች ነበሩና እኔም በዚያው ሳምንት ነገ እንዳትመጪ ተባልኩ። ቂም ይይዝብኛል ብዬ ሳልፈራ ምሥክርነቴን መስጠቴ ግን እስካሁን አይቆጨኝም።

ዓመቱ ዞሮ ከጁባ ልወጣ ስል ልሰናበተው ወህኒ ሄድኩ። ፀጉሩ ሸብቷል። ስለ ይግባኝ፣ ስለ ሚስቱ፣ ስለ እኔ መንገድ ያወራል ብዬ ነበር።

«የሴትዮዋ ልጆች ማን ዘንድ ናቸው?» አለኝ።

ማንጋቴን ሄጄ ጠይቄ ነበር። የነበሩበት ድንኳን ሌላ ሰው ገብቶበታል፤ አያታቸው ይዛቸው ወጣች ከማለት በስተቀር የት እንደሄዱ የሚያውቅ አላገኘሁም። እንዲሁ ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ ጠባቂው ሰዓት አልቋል ሲለን ተነስቶ ገባ።