ዓሊያ ጋራዡን ያላስረከበችበት ቀን

ዓሊያ እምቢ ማለትን እንደ ጸሎት በቀስታና በሙሉ ልብ የምትፈጽም ሴት ናት። ሰው ሲጮኽባት ድምፅዋን አታነሣም፤ ከያዘችው ነገር ግን አትለቅም። እግዚአብሔር ጸጋውን ለፍጥረቱ እንደ ወደደ ያድላልና፣ ለዚህች የሸዋ ሮቢት ሴት ይህን ሰጣት። ቤቴ ከጋራዥዋ ፊት ለፊት ነው፤ የምጽፈውም ያየሁትን ነው።

ባልዋ ሷሊሕ በሕይወት ሳለ ከጎኑ ቆማ ሞተር መፍታትንና ብየዳን ተምራ ነበር። እርሱ ካረፈ በኋላ የመበለት ሐዘን ጊዜዋን፣ ዒዳዋን፣ ጨርሳ የጋራዡን በር ብትከፍት፣ የባልዋ ታላቅ ወንድም ያሕያ መጣ። የሰፈሩ ሼህ አደም ውርሱን በሃይማኖታቸው ሥርዓት አካፍለው፣ ያሕያም ድርሻውን በከብት ወስዶ፣ ጋራዡ ለዓሊያና ለሁለት ሴቶች ልጆችዋ ጸንቶላቸው ነበር። ያሕያ ግን ሴት ሞተር ላይ ጎንበስ ማለትዋ ለቤተሰቡ ነውር ነው፤ ቦታውን ለእኔ ታስረክብና ወደ አባትዋ ቤት ትግባ እያለ በበሩ ላይ ይቆም ጀመር። ንትርኩን የሸሹ ደንበኞችም እየራቁ ሄዱ።

በሚያዝያ ወር ደረጄ የተባለ የቀወት ገበሬ ሽንኩርት የሚያመላልስበትን አሮጌ ፒካፕ አመጣ። መኪናው ጉልበት አጥቶ ጥቁር ጭስ ይተፋ ነበር። ዓሊያ አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው ማኒፎልድ በጥላሸት መደፈኑን አይታ ልትፈታው ጀመረች። ብሎኖቹ ከዘመን ብዛት ዝገው ተጣብቀዋል። ናፍጣ አጠጥታ ልታሳድራቸው ስትል፣ ያሕያ ወንድሙ ቢሆን ኖሮ እስካሁን ፈትቶ ይጨርስ እንደ ነበር ከበሩ ላይ ሆኖ ተናገረ። ደረጄም የተለቀመው ሽንኩርት ፀሐይ ላይ እንደ ዋለ ነገራት። በሁለቱ ጥድፊያ ተሸንፋ በመፍቻው ጫፍ ላይ ቱቦ ሰካችና በኃይል ሳበችው። ሁለት ብሎኖች ከአንገታቸው ተቀነጠሱ፤ ጉማጆቻቸውም በሞተሩ ራስ ውስጥ ቀሩ።

ያሕያ የሚሻውን አገኘ። በማግስቱ ሼህ አደምንና እኔን ሽማግሌ አድርጎ ወሰደን። ጉማጆቹ ካልወጡ የደረጄ ሞተር ሥራ ላይ አይውልም፤ ወሬውም በገበያ ቀን ቆላውን ሁሉ ያዳርሳል፤ ከዚያ ወዲያ መኪናውን ለዓሊያ የሚሰጥ አይኖርም፤ ጋራዡም ያለ ክርክር ለያሕያ ይቀራል።

ስንደርስ ደረጄ ከአጠገቡ ተቀምጦ እየጠበቀ፣ ዓሊያ በአንደኛው ጉማጅ ላይ የብሎን ማሰሪያ ዳዶ አስቀምጣ እየበየደች ነበር። ሰላምታችንን መልሳ መቀመጫ ሰጠችን። ሼህ አደም ያሰብነውን በለሆሳስ ነገሯት፦ ያሕያ የጋራዡ ኃላፊ ይሁን፤ እርስዋ በሥሩ ትሥራ፤ በቤተሰቡም ሰላም ይውረድ።

«ብረቱ ይብረድልኝና እመልስልዎታለሁ፣ ሼኻችን» አለች። «አሁን ከነካሁት እንደ ትናንቱ ይሆናል።»

በቆላ ሙቀት ብረት ቶሎ አይበርድም። እርስዋም እኛ ጧፍ የምንሠራበትን ዓይነት ሰም አንሥታ በጋለው ጉማጅ ሥር አስነካችው። ሰሙ ቀልጦ በብሎኑ ጥርሶች መካከል ወደ ውስጥ ሰረገ። ከዚያ እጅዋን አጣምራ ቆመች። እኛም ተቀምጠን ጠበቅን።

ያሕያ ግን መታገሥ አልቻለም። «ይኼ ሊጥ አይደለም፣ ዓሊያ። ስላሳደርሽው አይነሣም። ብረት ጉልበት ነው የሚፈልግ።»

«ብረት መሆኑንማ ትናንት አየሁት፣ ጋሼ ያሕያ። ፍጠኚ ሲሉኝ ሰማሁዎትና ሰበርኩት። ዛሬ አልሰማዎትም።»

ደረጄ ሳቁን ለመደበቅ ፊቱን አዞረ። ሼህ አደምም ጢማቸውን ዳበሱ።

ብረቱ ሲበርድ መፍቻውን በዳዶው ላይ አስገባች። አልሳበችም፤ ጥቂት ወደ ማላላት፣ ጥቂት ወደ ማጥበቅ እያመላለሰች አባበለችው። ብረቱ ሲጮኽ ታቆማለች፤ ደግሞ ትጀምራለች። የመጀመሪያው ጉማጅ እንዲህ ሆኖ ወጣ።

ሁለተኛው አልታዘዘም። የተበየደው ዳዶ ተገንጥሎ በእጅዋ ቀረ፤ ደግማ ብትበይደውም እንደዚያው ሆነ። ያሕያ አጨበጨበ። ደረጄም ተስፋ ቆርጦ፣ በቀሩት ብሎኖች ዝጊውና ልሂድበት ብሎ ለመናት።

«ጎዶሎ ከዘጋሁት በክፍተቱ አቧራ እየሳበ ሞተርህን ይበላዋል። መኪናው ያንተ ነው፤ ጎትተህ ውሰደው። እኔ ግን እንዲህ አድርጌ አልዘጋውም።»

ደረጄ በሩን አየ፤ ያሕያን አየ፤ ተመልሶም ተቀመጠ።

ያን ጊዜ በጉማጁ መካከል በሹል ብረትና በመዶሻ ነጥብ አበጅታ፣ በቀጭን መሰርሰሪያ ጀምራ ቀዳዳውን እያሰፋች ሄደች። ሥራው ሳያልቅ የከሰዓት በኋላው የዐስር ሶላት አዛን ተሰማ። ዓሊያ መሰርሰሪያውን አስቀምጣ፣ ለሶላት ታጥባ፣ ውዱእ አድርጋ፣ ልትሰግድ ወደ ጓዳ ገባች። ሸሸች ሊል አፉን የከፈተው ያሕያም ሼሁ ሲነሡ አይቶ አብሯቸው ሊሰግድ ሄደ። እኔና ደረጄ ከተፈታው ሞተር ጋር ቀረን።

ሦስቱም ሰግደው ሲመለሱ ዓሊያ ሰርስራ ጨርሳ የቀረውን ስስ ብረት እንደ ቅርፊት ለቅማ አወጣች፤ የቀዳዳውንም ጥርስ አጽድታ አዲስ ብሎን በጣትዋ ብቻ እስከ ሥሩ አስገባችው። ማኒፎልዱን አጥባ ገጠመች። ደረጄ ሲያስነሣው ሞተሩ ያለ ጥቁር ጭስ፣ በጠራ ድምፅ ሠራ።

ዓሊያ እጅዋን እየጠረገች ወደ እኛ ዞረች። «አሁን ልመልስልዎት፣ ሼኻችን። መልሴ እምቢ ነው። ጋሼ ያሕያ የልጆቼ አጎት ናቸው፤ ሲመጡ ወንበር አላቸው። በኔ ላይ ግን ኃላፊ አይሆኑም። ሽማግሌ ቢያስፈርዱብኝ፣ ዘመድ ቢያኮርፍ፣ ከዚህ ቦታ አልነሣም።»

ሼህ አደም ወደ እኔ ተመለከቱ። እኔም ያቀረብነው እርቅ ለእርስዋ ሸክም እንደ ነበር አሁን መረዳቴን ነገርኋቸው። እርሳቸውም ወደ ያሕያ ዞረው፣ «ድርሻህን በእጄ ሰጥቼሃለሁ። በዚህች ሴት በር ላይ መቆምህ ከዛሬ ጀምሮ ያብቃ» አሉት።

ያሕያ በወንበሩ ዳግም ሳይቀመጥ ወጣ። ከዚያን ቀን ወዲህ በዚያ በር ላይ ቆሞ አላየሁትም። ከደጋው ከጣርማ በር የሚወርዱ ሾፌሮች መኪናቸውን ለዓሊያ ይሰጣሉ። የቸኮለውን ሰው ዛሬም ቁጭ ብለህ ጠብቅ ትለዋለች፤ ይጠብቃል።

የአብርሃም አምላክ እጅዋን ያጽና፤ ልጆችዋን በቁመትም በጥበብም ያሳድግላት፤ ቤትዋ በሰላም ይደር። አሜን።