ጉባኤ ቃና ላይ የቀረው ክንፍ

ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ልትጠይቀኝ ሮቤ መጣች። አዲስ አበባ ውስጥ አነስተኛ አውሮፕላን ከሚሠሩ መሐንዲሶች ጋር ትሠራለች። የሥራዋን ሰንጠረዥ አሳየችኝ፦ የወጣው ወጪ፣ የቀረው ጊዜ፣ እያንዳንዱ ክፍል በሙከራ የደረሰበት የብስለት ደረጃ። ሳላስበው ሳቅሁ፤ ይህንኑ በወጣትነቴ ጎባ ላይ በከሰል ጽፌው ነበርና።

ያን ጊዜ የቅኔ ተማሪ ነበርሁ። ጓደኛዬ ጀማል አናጺ ነበር፤ አሮጌ መጽሔት ላይ ባየው ሥዕል ተነሥቶ ያለ ሞተር በነፋስ የሚንሳፈፍ አውሮፕላን ከቀርከሃና ከአቡጀዲ ይሠራ ጀመር። በእኅቱ ሠርግ ቀን ከኮረብታው እበራለሁ ብሎም አስነገረ። የሥራውን ቁጥጥር ለእኔ ሰጠኝ። የማውቀው መመዘኛ የቅኔ ቤቱን ብቻ ነበር፤ ስለዚህ በሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከተረፈው አቡጀዲ ልክና እስከ ሠርጉ ከቀረው ቀን ጎን፣ የየክፍሉን ማዕረግ ጻፍሁ። የቅኔ ተማሪ ሁለት ቤት ባለው አጭር ቅኔ፣ በጉባኤ ቃና፣ ይጀምራል፤ እርሱን ሳያቀና አይሻገርም፤ ረጅሙ መወድስ ብዙ ቆይቶ ነው። ጭራው ፈጥኖ መወድስ ደረሰ። የክንፉ መጋጠሚያ ግን ሸክም በነካው ቁጥር እየተሰነጠቀ ከጉባኤ ቃና አልወጣ አለ።

ገብስ የታጨደበት፣ ነፋሱ ገለባ ገለባ የሚሸትበት ወራት ነበር። የጀማል እናት ቅቤ የጠገበ የገብስ ጭኮ ስትልክልን፣ በጾም ቀን የእኔን ድርሻ እስኪፈሰክ ታቆይልኝ ነበር።

በሠርጉ ዕለት ኮረብታው ላይ ተሰበሰብን።

«እንግዳው ከአጋርፋ ድረስ መጥቷል፤ ምን ልበለው?» አለኝ ጀማል።

«መጋጠሚያው ገና ጉባኤ ቃና ነው። ሠርጉ ስለ ደረሰ እርሱ አይደርስም።»

«እንግዲያ ሙሽራዋን መልሳታ፣ የኔታ» ብሎ ተሳለቀብኝና የአውሮፕላኑ መቀመጫ ላይ ወጣ።

አባቱ ከኋላችን ሆነው ይሰሙ ኖሯል። ክንፉ ምን እንደ ሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኋቸው። የገብስ ጆንያ አስመጡና ልጃቸውን በክንዱ ይዘው አወረዱት።

«ገብስ ከሲናና ይመጣልኛል፤ ጀማል ከየት ይመጣልኛል?» አሉ።

ጆንያውን መቀመጫው ላይ አስረን ለቀቅነው። አውሮፕላኑ እንደ አሞራ ተንሳፈፈ፤ እልልታው ቀለጠ። ወዲያው ክንፉ በዚያው መጋጠሚያ ተቀነጠሰና ጆንያው ድንጋይ ላይ ወድቆ ፈረጠ። እንግዳው ሳቀ። ጀማል የፈሰሰውን ገብስ ትክ ብሎ አየ፤ ከዚያ እጄን ያዘ፤ ማዕድ እስኪቀርብም አልለቀቀኝም።

የልጅ ልጄ ይህን ሰምታ ሰውየውን ካላየሁ ስላለች ጎባ ሄድን። ዛሬ ሐጂ ጀማል ሆኗል። በልጅ ልጆቹ መካከል ተቀምጦ፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ ያን ቀን እንዴት እንደ በረረ ተረከላት። እርስዋ ወደ እኔ ዞረች። በሐሰት መመስከር አይገባኝም፤ ነገር ግን እውነቱን ተናግሬ ላቋርጠው አልወደድሁም። በርሮ ቢሆን ኖሮ ማን ይተርክልን ነበር?